አያ ውባንተን ከጎን የሣልሁ ዕለት

አጎቴ በአንድ ሥዕል ምክንያት ከትምህርት ቤት አስወጣኝ። ሥዕሉ የራሱ የአጎቴ መልክ ነበር፤ የሣልሁት እኔ ነኝ። ሀሁን እንኳ አልጨረስሁም፤ «ረ» ላይ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ፂሜ እስኪሸብት ድረስ ስሜን ሰው እየጻፈልኝ፣ እኔ በአውራ ጣቴ እየፈረምሁ ኖርሁ። በደሉ ይኸ ነው። ካሣ አልጠየቅሁትም። የፈለግሁት አንድ ቃል ነበር፤ ሳይሞት በፊት «በድዬሃለሁ» እንዲለኝ። ይኸን ቃል ስጠብቅ ዕድሜዬ ሄደ።

ዛሬ ማንበብም መጻፍም እችላለሁ። የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ነው የተማርሁት። አጻጻፌ ቢሻክር አንባቢ ይታገሠኝ። ባይታገሠኝም እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፤ ሌላ አጻጻፍ የለኝም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የቀለም ሳጥን ነው። ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እስክርቢቶ ልገዛ ገብቼ፣ መስታወቱ ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጦ አየሁት፤ የውሃ ቀለም። እንደ ከረሜላ የተደረደሩ ክብ ክብ ቀለሞች። አፍንጫዬ መስታወቱን እስኪነካ ጎንበስ አልሁ። ባለሱቋ ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ስልኳን እየነካካች ነው ሰው የምታስተናግደው።

«ለልጅዎ ነው አባባ?» አለችኝ።

«ለራሴ ነው።»

ቀና አለች። «ለራስዎ? ለምንዎ?»

«ልሥልበት ነዋ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትልቁን ሳጥን አወረደች። የሚያብለጨልጭ ሁሉ አለው። ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ብቻ እንዳላት ጠየቅኋት። «አባባ፣ ቀለም እንደ ሽንኩርት እየተመረጠ አይሸጥም እኮ!» አለችኝ። ብሩሹን አንሥቼ ጫፉን በምላሴ አርጥቤ በጣቶቼ ቆንጠጥ ሳደርገው ደግሞ ጮኸች። «ውይ በማርያም! ያልገዙትን ይልሳሉ እንዴ?» ጫፉ ሾለልኝ፤ ደህና ብሩሽ ነው። ወረቀቱን ግን በጥፍሬ መታ መታ አድርጌ መለስሁላት። ስስ ነው፤ ውሃ አይችልም። አሁን ስልኳን አስቀመጠች። «ቆይ፣ ይኸን ሁሉ ማን አስተማረዎ?» አለች። ከፍዬ ወጣሁ። ያስተማረችኝን ሰው ስም ከጠራሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር። መምህርት ዓለምነሽ ትባላለች።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ከወፍጮው ጎን ነበር። አባቴንና እናቴን አላውቃቸውም፤ ያሳደገኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም ውባንተ ነው። ያኔ «አያ» እለው፣ አንቱ እለው ነበር። አሁን እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» ስል ድፍረት የሚመስላችሁ ካላችሁ ይምሰላችሁ። ወፍጮው የሱና የአባቴ ነበር፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በጋራ ነው ያቆሙት። ይኸን ያወቅሁት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። በልጅነቴ የማውቀው ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ የቤታችን ቆርቆሮ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ናፍጣና ትኩስ የገብስ ዱቄት አንድ ላይ ሲሸቱ እንደሚርበኝ ነው። ዛሬም ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ሆዴ ይጮኻል፤ ያ ሽታ ቁርስ ይመስለኛል።

የኔ ዘመን ሰዎች ያንን ትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁ። በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ከአስተማሪው ያስጥለን ነበር፤ አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ አንሰማም። በክረምት መግቢያ ክፍሉ እርጥብ ጋቢና ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። የምንጫወተው በቆርኪ ነው። የለስላሳ ቆርኪ እንደ ብር ነበር፤ ያልተጣመመ ቆርኪ ያለው ልጅ ጌታ ነው። ኪሴ ሲንኳኳ በሩቁ ይሰማ ነበር።

መምህርት ዓለምነሽ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ፀጉሯን አጭር የምትቆረጥ፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ከትምህርት በኋላ ክፍሉ ጀርባ፣ ጉና በሚታይበት በኩል በርጩማ አውጥታ ትቀመጣለች። ጭኗ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ወረቀት፣ አጠገቧ የቆርቆሮ ሳጥንና ጣሳ ውሃ። እኛ ከአጥሩ ሥር ተደብቀን እናያታለን። ውሃው አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። «መድኃኒት እየቀመመች ነው፣ ደብተራ ናት» አለ አንዱ። «ሴት ደብተራ የት አይተህ ታውቃለህ አንተ ደደብ፣ ነርስ ናት!» አለው ሌላው። በዚህ ተደባደቡ። እሷ ሳትዞር «ከምትደባደቡ አንዳችሁ ንጹሕ ውሃ አምጡልኝ» አለች። የሮጥሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የማመጣላት እኔ ሆንሁ።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ መሣል አይደለም፤ መምረጥ ነው። ቀለም ብዙ ሲሆን ጀማሪን ያደናግረዋል፤ ሦስት ይበቃል፣ ሌላውን አንተው ትፈጥረዋለህ አለችኝ። ቢጫና ሰማያዊ ቀላቅላ አረንጓዴ ስታወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከጥንቆላ የሚለየው ምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ብሩሽ በውሃ ነክረህ ጫፉ ካልሾለ ተወው፤ መሐሉ የሚንጨባረር ብሩሽ ያናድድሃል እንጂ አያሥልህም አለች። በምንም ነገር ብትሰስት በወረቀት እንዳትሰስት አለች። በጥፍሯ እየመታች ድምፁን አሰማችኝ፤ ወፍራሙ እንደ ከበሮ ቆዳ፣ ስሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው የሚለው። ነጭ ቀለም ለምን እንደሌላት ስጠይቃት ደግሞ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ብርሃን እንዲሆን የምትፈልገውን ቦታ አትንካው አለችኝ። ለልጅ ይኸ ከባድ ነው። ልጅ ያገኘውን ሁሉ መንካት ነው የሚፈልግ።

አንድ ቀን ሦስት ቆርኪ አምጣ አለችኝ። ያልተጣመሙትን መርጬ ሰጠኋት። ከሳጥኗ ከቢጫው፣ ከቀዩና ከሰማያዊው በቢላዋ ጫፍ ፈልፍላ፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋ በየቆርኪው ሞላችልኝ፤ በፀሐይ ደረቁ። ያለቀ ብሩሽና አንድ ትልቅ ወረቀት ለሁለት ቆርጣ ጨመረችልኝ። እንደዚያ ቀን ሀብታም ሆኜ አላውቅም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ከጆንያው ክምር ኋላ ደበቅኋቸው። ሌላው ልጅ ሲያገኝ ቆርኪውን አውጥቶ ያንኳኳል፤ እኔ ግን ኪሴ ድምፁ ጠፋ።

አንዱን ወረቀት በዛፍና በተራራ አበላሸሁት። ሁለተኛውን ለትልቅ ነገር አስቀመጥሁ። ትልቅ ነገር ሲባል በኔ ዓለም አያ ውባንተ ነበር። ከወፍጮው መልስ ማምሻውን በሩ ላይ ካለው መደብ ይቀመጣል፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር ይዞ፣ ወደ መንገዱ እያየ። እኔ የምቀመጠው ውስጥ፣ ከጆንያው ላይ ነው። ከዚያ የሚታየኝ አንድ ጎኑ ነው። የሚታየኝን ሣልሁ። ትልቅ አፍንጫ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን፣ ወደ ፊት የወጣ ፂም። ፊቱን ቀይና ቢጫ በውሃ አቅጥኜ ቀባሁት፣ ጥላውን በሰማያዊ። ጋቢውን አልነካሁትም፤ ወረቀቱን ተውሁት። ተራርቄ ሳየው ጋቢው በራ። አያ ነው! እስትንፋሱ ብቻ ነው የቀረው። ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። አያ ስለ ምንም ነገር አመስግኖኝ አያውቅም ነበር፤ ይኸን ሲያይ ግን ይስመኛል አልሁ።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የኛ ቤት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ፣ የደብሩ መሪጌታም ይመጣሉ። ከዚያ የተሻለ ቀን አልታየኝም። ከወፍጮው ዱቄት ሙጫ አቡክቼ፣ እንግዳ ሳይገባ፣ አያ ከሚቀመጥበት በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። ማንም ልብ ሳይለው ጠላው ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ መሪጌታ፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ፣ ቀና ብለው አዩት።

«ውባንተ፣» አሉ፣ «ይኸን ይሁዳ ከየት አመጣኸው? የደብራችን ይሁዳ አንሶህ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ መሪጌታ፣ ይሁዳ ጋቢ ይለብሳል?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ጋቢውስ የአያ ውባንተ ይመስላል» አለ ሌላ ሰው። «አፍንጫውም!»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ዱብ አለ። እኔ ብልጥ ብሆን ዝም እል ነበር። ከበር ሥር ብድግ ብዬ በኩራት «እኔ ነኝ የሣልሁት! አያ ናቸው!» አልሁ።

ያኔ የማላውቀውን አሁን ልንገራችሁ፤ የምታውቁም ታውቁታላችሁ። በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው። አማኝ እንዲህ ካለው ዓይን ጋር እንዳይገጣጠም ነው ይላሉ። ትልልቅ ሰዎች ይኸን ሳይነገራቸው ያውቁታል። እኔ ግን ልጅ ነኝ። ቅዳሴ ሲሆን ልጆች ከውጭ እንሯሯጣለን፤ ገብተን ብናይም ሥዕሉ መጋረጃ ለብሷል። መምህርት ዓለምነሽ ያስተማረችኝ ያየኸውን ሣል ብላ ነው። ያየሁት አንድ ዓይን ነው።

አያ ውባንተ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። ረጋ ብሎ «ሁለተኛው ዓይኔስ የት ሄደ?» አለኝ።

«በወዲያ በኩል ነው አያ። አይታይም።»

ከጥግ፣ ጠላ የገፋው አንድ እንግዳ፣ «በወንድሙ ድርሻ በኩል ያለው ዓይን ይሆናላ፤ እሱማ ከጠፋ ቆየ» አለ።

መሪጌታ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ። ሰፈሩ ለካ የአባቴን የወፍጮ ድርሻ አያ ጠቅልሎ ያዘው እያለ ሲያንሾካሹክ ኖሯል፤ ፊት ለፊት የተናገረ ግን አልነበረም። እኔ፣ ምንም የማላውቀው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ አናገርኋቸው። አያ ሰውየውን አላየውም። እኔኑ እያየ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ሀሁ ሳይጨርስ ይሁዳ ካደረገኝ፣ የጨረሰ ዕለት ምን ሊያደርገኝ ነው?»

ሰው በዚህ ተነፈሰ፤ አንዳንዱም እየሳቀ «እውነቱን ነው» አለ። ትልቅ ንግግር ሆነለት። ይኸ ንግግር በየጠላ ቤቱ ለዓመታት ሲደገም ሰምቻለሁ፤ ሲደገምም ከሚስቁት መሐል ቆሜ አውቃለሁ። እነሱ የሚስቁበት ዓረፍተ ነገር የኔ ዕድሜ ነው።

ሰው ሲበተን ሥዕሉን በቢላዋ ፋቀው። የዱቄት ሙጫዬ ጠንክሮ ስለነበር ግማሹ ግድግዳው ላይ ቀረ። ቆርኪዎቹን ከጆንያው ኋላ አስወጣኝ። ዝናብ ይጥል ነበር። ጓሮ ካለው ቦይ ራሴው እንድደፋቸው አደረገኝ። ቢጫው መጀመሪያ ሄደ። ቀዩ ትንሽ ተንገዋለለ። ሰማያዊው የቆርኪውን ሥር ይዞ ሲቆይ አያ በእግሩ ገለበጠው። አለቀስሁ፤ አልመታኝም። «ከነገ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ነህ» ብቻ አለኝ።

መምህርት ዓለምነሽ ሰኞ ዕለት ከትምህርት በኋላ መጣች። ወፍጮው ደጃፍ፣ ዱቄት ለባብሼ ጆንያ ስይዝ ነው ያገኘችኝ። አያ አስቀመጣት፤ ክብር አልነፈጋትም።

«ጋሼ፣ ልጁ አልሰደበዎትም» አለችው። «ከጎን ነው የሣለዎት። ሰው ከጎን ሲታይ አንድ ዓይን ነው ያለው።»

«ልጄ፣» አለ አያ፣ «ከኔ ጋር አይደለም የሚኖር? ሁለት ዓይን እንዳለኝ አያውቅም?»

«ያውቃል። ያየውን ግን ነው የሣለው።»

«የሚያውቀውን ትቶ ያየውን ብቻ ካለ፣ እንግዲያስ ምን ሊማር ነው እናንተ ዘንድ የሚሄድ?»

ከተቀመጠችበት ተነሣች። እኔም እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም፤ ይኸ ነው የሚያናድደኝ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ሞኝ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። እሷ ወጥታ መንገዱ ላይ ቆማ አየችኝ፤ እጇን አነሣች። በዓመቱ ወደ አንበሳሜ ተዛወረች አሉ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፤ ዕድሜ ልክ ቢሆንም አጭር ነው። ጆንያ ተሸከምሁ። የእብናት ገበሬ እህሉን በአህያ ጭኖ ይመጣል፣ አወርዳለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ እጭናለሁ። የሰፈር ልጆች በደጃፉ ሲያልፉ «ይሁዳ!» ብለው ይሮጣሉ፤ እነሱ በጮኹ ቁጥር አያ እኔን ያየኛል። ሰፈሩ ያወጣለትን ስም እኔ ያወጣሁበት ያህል ነው የሚቆጥረው። ጎረምሳ ሳለሁ የወፍጮው ቺንጋ፣ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘው ጠፍር፣ የቀኝ እጄን አመልካች ጣት ከነአጥንቱ ወሰደው። ያ ወፍጮ ግማሹ የአባቴ እንደነበር የነገሩኝ ያን ጊዜ፣ ቁስሌ ሲታሰር ነው፤ ከህመሙ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሰማሁት። ሳገባ ወጥቼ ሄድሁ፤ ጥበቃ ተቀጠርሁ። ለሠርጌ ሰው ልኬ በድዬዋለሁ ይበልና ይምጣ አልሁት። «በዳዩ እሱ፤ በዓለም ፊት ይሁዳ ያደረገኝ እሱ» ብሎ መለሰ። አልመጣም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ በወዲህ፣ እኔ በወዲያ።

የቀለሙን ሳጥን የገዛሁ ሰሞን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል የሚያስተምር አንድ ወጣት እንዳለ ሰምቼ ሄድሁ። ተማሪዎቹ ልጆች ናቸው። እሱ «ፋዘር» ይለኛል። ጥሩ ልጅ ነው። ወረቀቴን አይቶ ተገረመ፤ ባሕር ዳር ሰው ልኬ ወፍራሙን አስመጥቻለሁ። ብሩሼን አየ፣ ሦስት ቀለም ብቻ ከፍቼ ሌላውን መሸፈኔን አየ። «ፋዘር፣ እርስዎ ተምረዋል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ሣል ተባልሁ። ብሩሹን በየትኛው ጣቴ ልያዘው? በመሐል ጣቴና በአውራ ጣቴ ቆንጥጬ ስይዘው ይዞርብኛል። ጆንያ የለመደ እጅ ይጫናል፤ ወረቀቱ ይታሻል፣ ቀለሙ ይጨቀያል። «ላላ ያድርጉት ፋዘር፣ ላላ» ይለኛል ልጁ። እንዴት ነው የሚላላው? ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ልጅ በተቀደደ ወረቀት ላይ፣ በተንጨባረረ ብሩሽ ዶሮ ሣለች። ዶሮዋ ልትጮኽ ምንም አልቀራት። ቤቴ ስደርስ ሚስቴ «ምን ሣልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ አልኋት።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው ቄስ ሞላና ሁለት ሽማግሎች ከምጠብቅበት በር የመጡት። ቄስ ሞላ የአያ ውባንተ የነፍስ አባት ናቸው።

«እሸቴ፣ አጎትህ ሊሄድ ነው» አሉኝ።

«ይሂድ።»

«ተው፣ እንዲህ አይባልም። ከሥጋ ዘመዱ ተጣልቶ አላቆርበውም ብዬዋለሁ። መጥተህ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ።»

«እኔ? የበደለኝ እሱ፣ ድንጋይ የምሸከም እኔ?»

«እሱማ እንዴት ይሸከም?» አለ አንደኛው ሽማግሌ። «ውሃ እንኳ በማንኪያ ነው የሚሰጡት።»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ብዙ ተከራከርን። ታናሽ ነህ፣ አሳድጎሃል፣ ሟች ነው አሉኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቅሁ። ልሸከም፤ እሱም «በድዬሃለሁ» ይበለኝ። ቃሉን እንዲያውም ጮክ ብሎ አይበለው፤ በጆሮዬ ቢለኝ ይበቃኛል። ሽማግሎቹ ተያዩ። «ለነፍሱ ሲል ይላል» አሉ ቄስ ሞላ። አመንኋቸው። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ አንዲት ተስፋ ሳትሞትብኝ መቆየቷን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ድንጋዩ ከደጁ ካለው ካብ የተነሣ ነው፤ ከጆንያ ይቀላል። ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አያ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሰውነቱ አልቆ ጋቢው ነው ያለው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። ጠበቅሁ። ድንጋዩን ረሳሁት፤ አፉን ብቻ ነበር የማየው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ አያ ውባንተ። «ልጅ ነበርህ። ሰው አሳስቶህ ነው።»

እልልታው ቤቱን አናጋው። አንዱ ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሣልኝ፣ ሌላው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አውጥተው «ይፍታ» ማለት ጀምረዋል። እኔ ቀና ብዬ «አያ፣ ሌላ የሚሉኝ የለም?» አልሁ።

እውነት ግራ ገብቶት አየኝ። «ምን?» አለ።

ሽማግሌው ክርኔን ቆነጠጠኝ። «በቃ እሸቴ፣ ጨርሰናል። ጉልበቱን ሳም።»

ሳምሁ። አጥንት ነው። ምን ላድርግ? ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ሴቶቹ እያለቀሱ፣ እሱ ፊቱ በርቶለት፣ ሞቱን ላበላሽበት? ማዕድ ቀረበ፤ ከአንድ ገበታ በላን። በማንኪያ የሚሰጡት ሰው ያን ዕለት በእጁ ጎረሠ። በሳምንቱ ተቀበረ። ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ እኔ ነኝ። ቄስ ሞላ በኋላ ሳገኛቸው አንገታቸውን ደፍተው «ነግሬው ነበር፤ በምን እንደበደለህ ግን ሊገባው አልቻለም» አሉኝ። ይኸን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት።

የኔ ዘመን ሰዎች ስንገናኝ የድሮ ነገር ደግ ነበር እንላለን። ደግ ነበር፤ ገብሱ ይሸት ነበር፣ በረዶው ያስቀን ነበር። ያኔ ቀለሙ የለም፣ ወረቀቱ የለም፣ እጅ ግን ነበረ። አሁን ደብረ ታቦር በየሱቁ ቀለም ሞልቷል፤ የኔ ሳጥን አልጋዬ ሥር ተቀምጧል፣ ሦስቱ እንኳ አልተጋመሱም። ወፍራሙ ወረቀት እርጥበት እየጠጣ ነው። ቅዳሜ መሄዴን ትቻለሁ። ልጁ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ፋዘር፣ ምነው ጠፉ?» ይለኛል፤ ሥራ በዛብኝ እለዋለሁ።

ሰፈሩ እንደሚለው ግን ነገሩ አልቋል። በደለኛው እኔ ነበርሁ፤ ይቅርም ተብያለሁ። ያለቀው የካቲት ዐሥራ ስድስት ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው።